የመጨረሻው ስም ይቅደም

ሴትዮዋን በኮሌጁ ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ዲኑም፣ የበር ጥበቃውም፣ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊም «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ማተሚያ ቤት ሳለች ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በአራሚነት ሠርታለች። አራሚ ማለት ሌላው ጽፎ የጨረሰውን፣ ሌላው ፊደል ለቅሞ ያስረከበውን፣ አለቃው ፈርሞ ያሳለፈውን ወረቀት ይዞ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ወዳጅ አይበዛም፤ ዓይን ግን ይሰላል።

የእሷ ዓይን ከሥራ ሰዓት ውጭም አያርፍም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታርማለች፤ የጸጉር ቤት ማስታወቂያ ታርማለች፤ ባሏ ጠረጴዛ ላይ ጥሎላት የሚሄደውን ብጣሽ ወረቀት ሳይቀር ታርማለች። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን «ዛሬ እቆያለሁ አትጠብቂኝ ራት ተይልኝ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሲመለስ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጠላ ሰረዝ ገብቶለት ጠበቀው፤ ድስቱ ግን ባዶ ነው።

«ሴትዮ፣ ራቴስ?»

«"ራት ተይልኝ" ማለት አስቀምጪልኝ ነው ወይስ ለዛሬ ራት ይቅርብኝ ነው? ግልጽ አይደለም። ጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አላየኸውም?»

ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን በስልክ ብቻ ነው የሚነግራት።

ማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ኮሌጁ ወሰዳት። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት በመስታወት የተከለለች አንዲት ክፍል ሰጧት፤ በሩ ላይ «የማጣቀሻ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። ከሚያንኳኩት አሥር ሰዎች ስድስቱ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠይቁ ናቸው። የቀሩት አራቱ ግን ዶክተሮች ናቸው። ለኮሌጁ መጽሔት ጽሑፍ የሚልክ ብልህ ምሁር መጀመሪያ እሷ ጋ ጎራ ይላል፤ ምክንያቱም መጽሔቱ ሰውን በሐሳቡ መልሶ አያውቅም፤ የሚመልሰው በነጥብና በሰረዝ ነው። ለዚሁ የታተመ የመመለሻ ቅጽ አለው። በቅጹ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥኖች ተደርድረዋል፦ የነጥብ ጉድለት፣ የቅንፍ አለመዘጋት፣ የክፍተት መብዛት፣ የክፍተት ማነስ፣ የስም ቅደም ተከተል፣ እያለ ይቀጥላል። ጽሑፉ የተመለሰበት ምሁር የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደተደረገ ያይና አንገቱን ደፍቶ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል።

ወርዶ የማያውቀው አንድ ዶክተር ብቻ ነበር፤ እሱም የገዛ ታናሽ ወንድሟ።

ወንድሟ የአፈር መምህር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከከተማው ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ አርባ ሁለት ጉድጓድ በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ስንት አፈር ታጥቦ እንደሄደ ሲመዝን ኖሯል። ጫማውን ያለ ጭቃ ያየለት የለም። ልጅ ሆኖ ደብተሩን የምታርምለት እሷ ነበረች። ዶክትሬቱን የያዘ ቀን «እንግዲህ በቃሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጻፍኩትን አላሳይሽም» አላት፤ ተሳሳቁ፤ ቃሉን ግን ስድስት ዓመት ጠበቀ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

«መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

ቀና አለች። ወንድሟ ፊቱ ኩምትር ብሏል። የያዘውን ጽሑፍ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርገፍ አደረገው፤ ሦስት የመመለሻ ቅጾች ከላይ ተሰክተውበታል።

«ውይ ዶክተር! ሦስቴ?»

«አትቀልጂብኝ። ውሌ ዓርብ ያልቃል።»

ይህን ታውቃለች። የኮሌጁ ደንብ አጭር ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጽሑፍ በመጽሔቱ ያላስቀበለ መምህር ውሉ አይታደስም። የመቀበያው ደብዳቤ ዓርብ እስከ ሥራ መውጫ ለአስተዳደር ክፍሉ ካልደረሰ፣ ሰኞ ሌላ ሰው አፈር ያስተምራል፤ የአርባ ሁለቱ ጉድጓድ ነገርም በዚያው ይቀበራል።

«ገምጋሚዎቹ ምን አሉ?»

«ገምጋሚዎቹማ ዓምና ነው "ጥሩ ነው" ያሉት። ቅርጹ ነው። የሰው ስም ነው እትዬ! መጀመሪያ ሁላችንም እንደምንጠራራው ጻፍኩት፤ የሰውዬው የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ። መለሱት። መመሪያው "የመጨረሻው ስም ይቅደም" ነው የሚለው አሉኝ። እሺ ብዬ የአባት ስም አስቀደምኩ። መለሱት። የመጨረሻ ማለት የአያት ነው አሉ። አያቱ የሚታወቀውን በአያቱ፣ የማይታወቀውን በአባቱ አድርጌ ላክሁ። አሁን ደግሞ "ወጥነት የለውም"! የስድሳ አንድ ሰው አያት ከየት አባቴ ላምጣ?»

ሳቋ አመለጣት። በዚህ መመሪያ ጽሑፉን የጻፈው ሰው በአንዲት ፊደልና በአንዲት ነጥብ ተኮራምቶ ከአያቱ ኋላ ይቆማል። ፊደል ሳይቆጥሩ የሞቱ ስንትና ስንት ሽማግሌዎች በዚህ መጽሔት ስመ ጥር ተመራማሪ ሆነዋል። መጽሔቱ በአባት ስም ይጠቅስ በነበረ ጊዜ የእነሱ አባት እንኳ፣ ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ የነበሩት፣ የልጃቸው አንድ አጭር ጽሑፍ በእሳቸው ስም ተጠቅሶ ሲነበብላቸው «እኔ አፈር የማውቀው በባሬላ ነው፤ ደግሞ ምን ብዬ ጻፍኩ?» ብለው ቤተሰቡን በሳቅ ገድለውት ነበር።

«እኔ ጋ ተወው» አለች። «እስከ ነገ ከሰዓት።»

«ስሞቹን ብቻ። ሌላውን እንዳትነኪብኝ።»

«ስም ብቻ የሚያርም አራሚ አይተህ ታውቃለህ?»

«እትዬ!»

«ሂድ አስተምር። ተማሪ ይጠብቅሃል።»

ነጠላ ሰረዝ ሥራ የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። ማተሚያ ቤት ያስተማሯት እንዲህ ነው፤ ከፊት ጀምሮ የሚያነብ ሰው ሐሳቡ ይዞት ይሄድና ስህተቱን ይዘላል፤ ከኋላ ጀምሮ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ የሚያነብ ግን የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። ስድሳ አንድ ካርድ ቆረጠች። ለእያንዳንዱ ዋቢ ጽሑፍ አንድ ካርድ፤ ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ። ከስድሳ አንደኛው ተነስታ ወደ አንደኛው መውረድ ጀመረች።

አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ተዳፋት መሬትና የአፈሩ መሸርሸር» ይላል። ደግማ አነበበችው። ይህን ዜማ ጆሮዋ የሰማው ይመስላታል። ካርዶቹን ወደ ኋላ ገለበጠች። ሠላሳ አንደኛው «በተዳፋት መሬት ላይ የሚደርስ የአፈር መሸርሸር» ነው። ሃምሳ ሁለተኛው «የአፈር መሸርሸር በተዳፋት መሬት»። ሦስት ስም፣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዜማ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ መደርደሪያዎቹ ወጣችና ጽሑፎቹ የወጡባቸውን ሦስት የኮሌጁ መጽሔት እትሞች አወረደች። ከሦስቱ የሁለቱ ገጾች ከማተሚያ ቤት እንደመጡ ጠርዛቸው ተጣብቋል፤ የገለጣቸው ሰው የለም። በማስመሪያ ጠርዝ ቀስ አድርጋ አላቀቀቻቸው። ሦስቱንም ጎን ለጎን ዘርግታ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ፈለገች። ከሠንጠረዡ ግርጌ «ጠቅላላ ድምር» መባል ሲገባው «ጠቅላላ ድርም» ይላል። ቀጣዩን አየች፤ ድርም። ሦስተኛውን አየች፤ ድርም።

ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ ይሁን። ሦስት ሰው በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ግን አያገኝም።

የደራሲው ሙሉ ስም በየመጀመሪያው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አነበበችው። በሦስቱም ላይ ያው ሰው ነው፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። መጽሔቱ ግን በአንደኛው እትም ላይ በራሱ ስም፣ በሁለተኛው በአባቱ፣ በሦስተኛው በአያቱ አውጥቶታል። ሰውዬውም እንግዳ አይደሉም፤ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ፕሮፌሰሩ ናቸው። በእሳቸው ዘመን የስም መመሪያው ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ በተለወጠ ቁጥርም ያው ጽሑፍ እንደ አዲስ ሰው ጽሑፍ ታትሟል። አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ የሚለውን ነጠላ ሰረዝ አልጠየቀችም። አራሚ የሚጠይቀው የተጻፈውን ነው።

ከዚያ በወንድሟ ጽሑፍ ውስጥ እነዚህ ሦስት ዋቢዎች የት እንደተጠሩ ፈለገች። ገጽ ዘጠኝ ላይ አገኘቻቸው። «ሦስት ተመራማሪዎች በየፊናቸው እንዳረጋገጡት ከአንድ ሄክታር ተዳፋት በዓመት ሰማንያ ቶን አፈር ይታጠባል። የእኛ ልኬት ያሳየው አርባ አምስት ቶን ነው፤ ይህ ምናልባት የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላል።»

«ምናልባት» የምትለዋን ቃል ትኩር ብላ አየቻት። ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ወንድሟ ከምሳ በኋላ መጣ። ሰላም እንኳ ሳትለው ሦስቱን የመጽሔት እትሞች ወደ እሱ ገፋችለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከግርጌ ያለችውን ቃል አንብብ።»

«ድርም... ድርም... ድር...» ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። «ቆይ።»

«አሁን ስሙን።»

አነበበ። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ከመስታወቱ ውጭ ሰው መኖር አለመኖሩን አየና በሹክሹክታ «ፕሮፌሰሩ ናቸውኮ!» አለ።

«ጽሑፎቹን አንብበሃቸዋል?»

«አኅጽሮቱን አይቻለሁ።»

«የሦስቱንም?»

«የ... የአንደኛውን። የቀሩትን ሁሉም ሰው የሚጠቅሳቸው ናቸው ብዬ ነው።»

«ዋቢ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ አንተ? ሰው ተጠርቶ የሚቆምልህ ነው። አንተ ሦስት ዋቢ ጠርተህ የመጣልህ አንድ ሰውዬ ነው፤ ኮፍያ እየቀያየረ።»

«እሺ፣ ይሁን። ምን ይደረግ ታዲያ? ወጥነት ነው የጠየቁት። ሦስቱንም በአያታቸው አድርጊያቸውና እንላከው።»

«በአያታቸው ሳደርጋቸው ሦስቱም አንድ ስም ይሆናሉ። መመሪያው ምን ይላል? የአንድ ደራሲ ሥራዎች ሲከታተሉ ስሙ አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ በስሙ ቦታ ረጅም ሰረዝ ይደረጋል። አንድ ስም፣ ከሥሩ ሁለት ሰረዝ። ሰረዙ እዚያ ከገባ "ሦስት ተመራማሪዎች" የሚለው ዓረፍተ ነገርህ አለቀለት።»

«እትዬ፣ ጽሑፉን የሚያሳልፉት እኮ እሳቸው ናቸው! በሳቸው ፊርማ እንጀራዬ ተንጠልጥሎ...»

«እንደዚህ እያለ ከላክኸው ዝርዝሩና ጽሑፉ ስለማይገናኝ ለአራተኛ ጊዜ ይመልሱታል። ዓርብ ላይ ያው ነህ።» ጣቷን ገጽ ዘጠኝ ላይ አሳረፈች። «ደግሞ ይቺ "ምናልባት" ምንድን ናት? ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሚዛኑስ ትክክል ነው?»

«በየወሩ ነው ያስፈተሽኩት። ትክክል ነው።»

«እና ምን ሆነህ ነው ስህተት ነው ያልከው?»

ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ ያያል።

«ሦስት ሰው መስሎህ ነው የፈራኸው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ሰው ነው። አንድ ለአንድ ናችሁ። እሳቸውም ቢሆኑ ሠንጠረዡን አንዴ ነው የሠሩት፤ አንተ ሦስት ዓመት ዝናብ ውስጥ ቆመሃል።»

ወንድሟ ቀይ እስክሪብቶውን ራሱ አነሳና «ምናልባት» የሚለውን ከነዓረፍተ ነገሩ ሰረዘው። ከላዩ ላይ «አንድ ተመራማሪ በሦስት ኅትመት ሰማንያ ቶን ሲል ያቀረበው መጠን በዚህ ጥናት ልኬት አልተደገፈም» ብሎ ጻፈ። እሷም ሥራዋን ቀጠለች፤ የሁሉንም ደራሲ አያት ከየግርጌው ለቅማ እስክትጨርስ የቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ደወል ተደወለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሁለቱም ወደ መጽሔቱ ቢሮ ወጡ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መግቢያው ላይ ቅርጽ ተቆጣጣሪው ተቀምጠዋል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ሁሉም «ባለ ማስመሪያው» የሚላቸው ሰው ናቸው። ማስመሪያቸውን አወጡና የየመስመሩን ገባ ማለት መለኩ። ነጥቦቹን ቆጠሩ። ቅንፍ ሁሉ መዘጋቱን በጣታቸው ዳሰሱ። አሥራ ሁለቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች ወረዱባቸው።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሳጥን ያጣሁለት ጽሑፍ ይሄ ብቻ ነው። እጅሽ ይባረክ።»

«አሜን ጋሼ።»

«እነዚህ ሰረዞች...» ማስመሪያውን አስጠጉ። «ልክ ናቸው።» ከሰረዞቹ በላይ ያለውን ስም አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «እሜቴ፣ ይሄ ስም...»

«ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል?»

«ኧረ ትክክል ነው!»

«ነጥቡስ?»

«ነጥቡም ትክክል ነው። ግን እኔ አልፈርምበትም። እናንተው ይዛችሁላቸው ግቡ፤ እኔ የጡረታዬን ቀን እየቆጠርኩ ነው።»

ፕሮፌሰሩ በትህትና ተቀበሏቸው። ማንኛውም ጽሑፍ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚገልጡት የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር ነው፤ የሚፈልጉትም አንድ ስም ነው። አገኙት። ፈገግ አሉ። ከሥሩ ያለውን ሰረዝ አዩ። ከሰረዙ ሥር ያለውን ሰረዝ አዩ። ፈገግታቸው ሳይጠፋ እዚያው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ገጽ ዘጠኝን ገልጠው አነበቡ። የአፈር መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ይህን ያረመው ማን ነው?»

ወንድሟ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደመችው። «መመሪያው ነው፣ ፕሮፌሰር። ገጽ አራት፣ ቁጥር ስድስት። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለበት።»

«እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።»

«ለዚህም ነው ሦስቱንም የዘረዘርናቸው። ደራሲው ግን አንድ ሰው መስሎኝ ነው። ከተሳሳትኩ አሁኑኑ አስተካክላለሁ፤ የትኛው የአባትዎ ሥራ፣ የትኛው የአያትዎ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

ወንድሟ ሳል ያዘው። ፕሮፌሰሩ መሳቢያቸውን ከፍተው የመመለሻ ቅጽ አወጡ። እስክሪብቶአቸው ከሳጥን ሳጥን ዞረ። የስም ቅደም ተከተል ላይ ቆመ፤ አለፈ። ክፍተት ላይ ቆመ፤ አለፈ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሶ መሄጃ አጣ። ድሮ አሥራ ሦስተኛ ሳጥን ነበረ፤ «ሌላ ምክንያት» ይል ነበር። «ምሁራን ክርክር ያበዙበታል» ብለው ያስወጡት ራሳቸው ናቸው።

«እንዲያው» አሉ፣ «"በሦስት ኅትመት ያቀረበው" ከማለት "ደጋግሞ ያጸናው" ቢባል አይሻልም?»

«ያጸናው እንዲባል ድጋሚ መለካት ነበረበት፣ ጌታዬ። ሠንጠረዡ ያው ነው። "ድርም" እንኳ አልተለወጠችም።»

«ምን ድርም?»

ይዛ የመጣችውን አንዱን የመጽሔት እትም ገለጠችና ጣቷን አስቀመጠችላቸው። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ቁጣው ሁሉ ከፊታቸው ወርዷል፤ የቀረው ሌላ ነገር ነው።

«ሦስት ጊዜ ታትሞ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስንት ሰው ጠቅሶታል። አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም?»

«ገጹ አልተገለጠም ነበራ» አለች። ልትወጋቸው ብላ አልነበረም፤ እንደነበረው ነው የነገረቻቸው።

የመመለሻ ቅጹን ወደ መሳቢያቸው መለሱት። የመቀበያውን ደብዳቤ ስበው ፈረሙ፤ ማኅተሙን ሲመቱ ጠረጴዛው ተነቃነቀ። ወንድሟ ደብዳቤውን ተቀብሎ እጅ መንሳቱንም ረስቶ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወደ አስተዳደር ክፍሉ ወረደ። ዓርብ ጠዋት ውሉ ታደሰ። ያንኑ ቀን ከሰዓት ወደ ምድር ቤቱ ብቅ ብሎ፣ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ፣ የታደሰውን ውል ለጥፎ አሳያት፤ እሷም ከውስጥ ሆና በጣቷ አንድ መስመር ጠቆመችው። የአያቱ ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቷል። ሮጦ ሄዶ አሳረመው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ባለ ማስመሪያው ራሳቸው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። በእጃቸው አንድ ማስታወቂያ ይዘዋል፤ ከመለጠፉ በፊት ትየው ተብሎ ነው። ነጠላ ሰረዝ ከመጨረሻው ጀምራ አነበበችው፤ ወደ መጀመሪያው ስትደርስ እንዲህ የሚል ሆነ፦ «በመጽሔታችን ከአንድ ደራሲ ከአንድ በላይ ሥራ መጥቀስ የተከለከለ መሆኑን እናስታውቃለን።»

«ይሄ የሚጸናው ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«አልተጻፈም እንዴ?»

«አልተጻፈም።»

እዚያው ቆመው ላይ ለፕሮፌሰሩ ደወሉ። «ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በይበት ብለዋል።»

«የወንድሜ በየትኛው ነው የሚወጣው?»

«በዚህኛው። ትናንት ማተሚያ ቤት ገብቷል።»

ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳችና «ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ፣» ብላ ጨመረችበት። ወረቀቱን መለሰችላቸው።

«ሌላ ስህተት የለውም?» አሉ ባለ ማስመሪያው።

«ምንም የለውም» አለች። «ሰረዙም ነጥቡም ልክ ነው።»